እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙቀት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሐማሎቹ ሁሉ ባሉበት፣ የሰሊጥ መጋዘኑ፣ እኛ መኽዘን የምንለው፣ ባለቤት ሐጅ በሽር በከዘራው እኔን እያመለከተ «ከእንግዲህ በዚህ መኽዘን ሰሊጥ የሚገባው ይች ልጅ ካየችው በኋላ ነው፤ ያልፈለገ ሌላ በር አለ» አለ። እንኳን ደስ ያለሽ የለ፣ እጅ መጨበጥ የለ። (አንቱ የማልለው በዐረብኛ ስለምንነጋገር ነው፤ ደግሞም ገና አልታረቅሁትም።) ሐማሎቹም አላጨበጨቡም፤ እንዲያውም አንዱ መሬት ላይ እንትፍ አለ። እኔ ግን ከመኽዘኑ በር ጀምሬ እስከ ከተማው ትልቅ የእህል ጎተራ ድረስ ነጠላ ጫማዬ እየተፈናጠረ ሮጥሁ። የምደርስበት ቦታ አልነበረኝም። ፉል የምትሸጠው ሴትዮ ጭልፋዋን እንደያዘች «ምን ሁነሻል? ሰው ሞተ?» አለችኝ። «የለም፣ ሥራ ያዝሁ! የሰሊጥ ፈታሽ ሆንሁ!» ስላት «ታዲያ ቀስ በይ፣ ሥራው እግር የለው» ብላ ወደ ድስቷ ዞረች።

ትዝታ የሽማግሌ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ እኔ ገና አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ነገር ግን እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሰሞኑን ዓመት እንደ ዓመት አይሄድም፤ ሦስት የሰሊጥ ወቅት ወደኋላ ዞሬ ሳይ የማየው አገር ዛሬ የለም። ዛሬ ጠዋት የዘንድሮው የመጀመሪያ ጭነት ሲራገፍ፣ ያ የአዲስ ሰሊጥ ሽታ፣ ገለባና ዘይትና አቧራ አብረው ፀሐይ የሞቁ የሚመስለው ሽታ፣ አፍንጫዬን ሲመታኝ ደስታዬም ቂሜም እየተጋፉ መጡብኝ። ቂሜን አስቀድማለሁ። ደስታዬን ለብቻው ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አንብቤ ቀደድሁት።

ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ነበረ። ሰማያዊ የደንብ ልብስ፣ ነጭ ሻሽ፣ አንዱ ማሰሪያው ሁልጊዜ የሚበጠስ የላስቲክ ጫማ። ከሰፈራችን ጥግ፣ ረክሻዎች፣ ባለ ሦስት እግሮቹ ታክሲዎች፣ የሚቆሙበት የኒም ዛፍ ሥር፣ ጠዕሚያ የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ የተፈጨውን ሽንብራ አድቦልቡላ ዘይት ውስጥ ስትጥለው የሚሰማው ሽው የሚል ድምፅ እስከ ክፍላችን የሚደርስ ይመስለን ነበር። ዛሬ አንድ ዳቦ በሚገዛው ገንዘብ ያን ጊዜ ሦስት ጓደኛሞች ጠዕሚያ በዳቦ በልተን፣ ከርከዴ ጠጥተን፣ ለማስቲካ ይተርፈን ነበር። የረክሻ ሹፌሮቹ አንዱ የጎንደር እስክስታ፣ አንዱ የሱዳን ሠርግ ዘፈን እስከ ጥጉ ይለቁታል፤ ሁለቱ አየር ላይ ሲጋጩ እኛ በየትኛው እንደምንጨፍር ሳንወስን ደወሉ ይደወላል። ከዚያ ኻርቱም ላይ ጦርነት ተነሣና ሰው መጣ። ፍራሽ ተሸክሞ፣ ልጅ አዝሎ፣ የማይመለስበትን ቤት ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የመጣ ሰው። ትምህርት ቤታችን መጠለያ ሆነ፤ ሒሳብ የሠራሁበት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጣ። ማንንም አልወቅስም፤ የት ይሂዱ? ግን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶሽ ጠዋት የምትሄጅበት ሲጠፋ፣ ዓለም ሁሉ ስለ አንች መወሰን ይጀምራል።

መጀመሪያ የወሰነችው አክስቴ አለምነሽ ናት፤ የእማየ ታናሽ። እሷም ከኻርቱም ነው የሸሸችው። ሌላው ሰው ወርቁን ሲያድን እሷ ሁለት የጸጉር ማድረቂያና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ መስተዋት አድና መጣች። የቤታችንን የፊት ክፍል አጸዳች፣ መስተዋቱን ሰቀለች፣ በሩ ላይ በዐረብኛም በአማርኛም «የሙሽሮች ጸጉር ቤት» ብላ አስጻፈች፣ እኔን ወንበሩ ኋላ አቆመችኝ። እጄ ፈጣን ነው፤ ሹሩባም የሱዳን ቀጭን ጉንጉንም በአንድ ሳምንት ለመድሁ። «እጇ ወርቅ ነው!» ትላለች ደንበኛ ፊት። ደንበኛ ሲወጣ ደግሞ «ፊትሽ ግን ለቅሶ ቤት ነው፤ ፈገግ በይ እንጅ!» ትለኛለች። አንድ ቀን ለአንዲት ሙሽራ የሠራሁት ሹሩባ መሐል መሥመሩ ጠሞ ወጣ። ሙሽራይቱ አለቀሰች፤ እናቷ ጮኸች፤ ዘመድ ተሰበሰበ። እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ጠዕሚያዬን እበላለሁ። አክስቴ በማበጠሪያው ጀርባ አናቴን ኳ አደረገችኝ።

«አያናድድሽም?»

«ምን ያናድደኛል፣ እትየ? ጸጉር ነው፤ ያድጋል።»

አክስቴ ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ለእንግዳ ሁሉ «ያድጋል አለችኝ እኮ!» እያለች ታወራዋለች። እኔ ግን ምንም ክፋት አልነበረብኝም። እውነቴን ነበር።

በዚያው ሰሞን ለወጣቶች ሥልጠና ተብሎ ተጠራን፤ «ትክክለኛ ሙያችሁን የምታውቁበት» ነው የተባለው። ኮፍያ ያደረገች አንዲት ሴት ባለቀለም ወረቀት አደለችንና «ስታስቡት ደስ የሚላችሁን ጻፉ፤ ሙያችሁ እዚያ ውስጥ ተደብቋል» አለችን። እኔ «ማንጎ» ብዬ ጻፍሁ። አጠገቤ የነበረው ልጅ «እንቅልፍ» አለ። ሴትዮዋ ለሁለታችንም «በጣም ጥሩ!» አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሙያ በፈገግታ የሚያወራ ሰው ሳይ ጥርሴን አፋጫለሁ።

እማየ በሐጅ በሽር መኽዘን ሰሊጥ ትነፋ ነበር። ብዙ ሴቶች ሸራ ላይ ተደርድረው፣ አፋቸውን በሻሽ አስረው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወንፊት ያወዛውዛሉ። አቧራው ሳንባዋ ውስጥ ቤት ሠርቷል፤ ልትስቅ ስትል ሳሉ ይቀድማታል። «እኔ ሰሊጥ ላይ ተቀምጨ ያረጀሁት አንችም እንድትቀመጭ አይደለም» ትለኝ ነበር፤ ስለዚህ ከአክስቴ ጋር ነበረች። ወደ መኽዘኑ የምገባው ምሳዋን ለማድረስ ብቻ ነው። በሩ አጠገብ፣ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ አቦይ ካሕሳይ ይቀመጣሉ። ትግሬዎች ሽማግሌን «አቦይ» ነው የሚሉት። ሁመራ ላይ ሰሊጥ ሲፈትሹ ኖረው፣ ከትግራዩ ጦርነት ሸሽተው ወንዝ ተሻግረው የመጡ፣ ፊታቸው ተቆጥቶ የደረቀ ሰው ናቸው። እንደ ሸምበቆ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ጫፉ የሾለ ብረት ይይዛሉ። ጆንያውን ሲወጉበት ሰሊጡ በብረቱ ሆድ ተንሸራትቶ መዳፋቸው ላይ ይወርዳል። እፍ ይሉታል፤ ያሹታል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብራሉ። ከዚያ ባለቤቱን ቀና ብለው ሳያዩ አንድ ቃል ነው፤ «ይግባ» ወይም «ይውጣ»። መኪና ሙሉ ሰሊጥ፣ የአንድ ሰው ዓመት ሙሉ ልፋት፣ በዚያች ቃል ይገባል ወይ ይመለሳል።

አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ የተነፋውን ሰሊጥ ካልተነፋው ጎን ስታፈስ ጫፍና ጫፉ ተቀላቀለ። ምኔ ነው? ሰሊጡ የእኔ አይደለ፣ መኽዘኑ የእኔ አይደለ። ደሜ ግን ፈላ። «ዓይን የለሽም እንዴ! ሙሉ ቀን የተለፋበትን መልሰሽ አፈር ታበይዋለሽ?» ብዬ ጮህሁ። ሴትዮዋ በዕድሜ ከእማየ ትበልጣለች። እማየ በኀፍረት ልትሞት ነው፤ «ይቅርታ በይ! አሁኑኑ ይቅርታ በይ!» አላልሁም። ተንበርክኬ የተቀላቀለውን ለብቻ በእጄ ጠረግሁት። አቦይ ካሕሳይ ከጀሪካናቸው ሳይነሡ «ኣንቲ ጓል» አሉኝ፤ በቋንቋቸው አንች ልጅ ማለታቸው ነው።

«ማን ነው የቀጠረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል?»

«አያስጠላም እንዴ!»

«ያስጠላል» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ እንዳስጠላኝ ነው። ነይ፣ ይኸን እሽው።»

እንዳታስቡ፤ ደግ አስተማሪ አላገኘሁም። «ይህ ዓይን ነው ወይስ አዝራር?» ይሉኛል። «አፍንጫሽን ለጌጥ ነው የፈጠረልሽ?» ይሉኛል። አረንጓዴው ፍሬ ከበሰለው የሚለይበትን ቀለም፣ ያረጀ ሰሊጥ ጥርስ ላይ የሚተወውን ምሬት፣ አንዷን ነገር ከአሥር ስድብ ጋር ነው የሰጡኝ። እጠላቸው ነበር። እየማልሁ እወጣለሁ፤ ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም እያልሁ። በማግስቱ ግን የእማየ ምሳ ከሰዓቱ ቀድሞ ይደርሳል። ኋላ ኋላ እንዲያውም ቁርሷን ሳትጨርስ ይደርስ ጀመር።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም። ከሰላ ከተማ ሙሽራ ይበዛል አለች፤ ሱቅ አገኘች፤ እማየን አሳመነች። ሐሙስ እኔና እሷ እንድንሄድ ተወሰነ፤ ሁለት ቀን ቀርቶናል። ሐጅ በሽር ፈታሽ አድርጎ ቢያስቀረኝ የሚል ምኞት በልቤ ነበረኝ፤ እሱ ግን ሴትን ከወንፊት አሳልፎ አያውቅም። ማክሰኞ ከድንበሩ፣ ከቁረይሻ፣ አንድ ጭነት መጣ። በዚያ ዓመት ድንበሩ ላይ ሰው ፈርቶ፣ ነዶው ቆሞ በደንብ ሳይደርቅ እያራገፈ ወደ ከተማ ይሮጥ ነበር። አቦይ ካሕሳይ ነግረውኛል፤ እርጥቡ የተከተተ ሰሊጥ ሆዱ ይሞቃል፣ የሞቀው ይሻግታል፣ አንድ የሻገተ ጆንያ መኽዘን ይጨርሳል። እሳቸው ብረታቸውን ሰክተው፣ ቀምሰው፣ «ይግባ» ብለው ወደ ውኃው ገንቦ ሄዱ። እኔ አንዱን ጆንያ ፈትቼ ክንዴን እስከ ክርኔ ድረስ አስገባሁ። ትኩስ ነው። ሌላውን፤ እሱም ትኩስ ነው። አቦይን ሲሳሳቱ ያዝኋቸው አልሁ! ዛሬ ያዝኋቸው፣ ከእንግዲህ ማን ከሰላ ይወስደኛል? ሐጅ እንዲሰማ ብዬ በዐረብኛ ጮህሁ፤ «ይህ ሰሊጥ እርጥብ ነው! ሰውየው ሌባ ነው!»

ሐጅ በሽር አላቅማማም። ጆንያዎቹ ተቀደዱ፤ ሸራው ላይ ሰሊጥ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ሁሉም ደረቅ ነው። እንደ ጨሌ የሚንሿሿ፣ ንጹሕ፣ ጣፋጭ ሰሊጥ። ባለቤቱ ጥምጥሙን መሬት ላይ ወረወረው። «ያ ሐጅ! በሐበሻ ሕፃን አፍ ሌባ ታስብለኛለህ?» አለ፤ የቀረውን አስጭኖ፣ የፈሰሰውን አስለቅሞ፣ ፊት ለፊት ወዳለው መኽዘን ሄደ። አቦይ ካሕሳይ መጥተው ክንዴን ጨብጠው ወደ ብርሃኑ አነሡት።

«ምን አለበት?»

«ምንም።»

«ምንም! ጭነቱ ኬላ ላይ ሁለት ቀን ሸራ ለብሶ ፀሐይ ሲበላው የከረመ ነው። የፀሐይ ሙቀት እጅ ላይ አይጣበቅም። የብስባሽ ሙቀት ግን ላብ አለው፤ ገለባው ክንድሽ ላይ ይቀራል። ሙቀት ሁሉ አንድ ይመስልሻል?»

«አልነገሩኝም እኮ!»

«አልጠየቅሽም። ስትሳደቢ እንጅ ስትጠይቂ መቼ አይቼሽ?»

ሐጅ በሽር በሩን አሳየኝ። እኔን ብቻ አይደለም፤ «እናትሽንም ይዘሽ ውጭ» አለ። እማየ ወንፊቷን አራግፋ፣ ሻሿን ፈትታ ተነሣች። ቤት እስክንደርስ ፊት ፊት እየሄደች ዞር ብላ አላየችኝም። ደጃፍ ላይ ስንደርስ ብቻ «ጸጉር ቤት ስትሳሳች ማንም ሥራውን አላጣም» አለችኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም። የሙሽራይቱን ጸጉር ባበላሸሁ ዕለት ጠግቤ ነው የተኛሁት፤ አሁን ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ትራስ ባየሁ ቁጥር ክንዴን ውስጡ እከታለሁ፣ አወጣለሁ፣ አየዋለሁ። አክስቴ ልብሴን እያሸገች «አብዳለች» ትላለች። የሚገርመው፣ ያዘንሁት ለእማየ ብቻ አልነበረም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ያን ሙቀት አለማወቄ ነበር።

ሐሙስ በከሰላ መንገድ ላይ፣ ሾዋክ፣ መኪና ልንቀይር ወረድን። የከሰላው አውቶቡስ ዘግይቶ ነበር፤ መንገዱ ዳር የሰሊጥ መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አክስቴ ለማድረቂያዎቿ ቦታ ስትጨቃጨቅ እኔ ሹልክ አልሁ። ስፌቱ የተተረተረ ጆንያ እየፈለግሁ ክንዴን እከታለሁ። የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ነው። ሁለተኛው ትኩስ ነው፤ ክንዴ ደረቅ ወጣ፤ የፀሐይ ነው። ሦስተኛው መኪና ላይ ከተትሁና ቆምሁ። ሙቀቱ ሌላ ነው፤ የሚተነፍስ ነገር አለው። ክንዴን ሳወጣ ገለባው እስከ ክርኔ ድረስ እንደ እጅጌ ለብሶኝ ወጣ! ሾፌሩ «ሐራሚያ! ሌባ!» እያለ ዱላ ይዞ ተነሣ። «ሰሊጥህ ሊሻግት ነው፣ አራግፈው፣ አስጣው!» እያልሁ እየሳቅሁ ሮጥሁ። አክስቴ አውቶቡሱ በር ላይ ቁማለች።

«ግቢ!»

«አልሄድም፣ እትየ።»

«ወዴት ልትሆኝ? እዚያ ተባረሽ የለም እንዴ?»

«ተባርሬያለሁ።»

«እኔ ያን ሁሉ ሙሽራ አበላሽተሽብኝ አንድ ቀን ውጭ ብዬሻለሁ? በይ ንገሪኝ፣ ብዬሻለሁ?»

«ለዚያ እኮ ነው የማልሄደው!»

በጥፊ አጮለችኝ። «ውለታ ቢስ! ሂጅ፣ አቧራ ብይ!» አለችና ገባች፤ አውቶቡሱ ሄደ። ጉንጬ እየነደደ፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለገዳሪፍ የሚሄድ መኪና ላይ ከሴቶች መሐል ተጠጋሁ፤ ክንዴን ሰው እንዳይነካብኝ ወደ ላይ ይዤ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሳልታጠብ መኽዘኑ በር ላይ አቦይ ካሕሳይን ጠበቅኋቸው። ክንዴን አዩት። «አንድ ሙቀት ለማወቅ ሾዋክ ድረስ?» አሉ። «ሰነፍ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየጊዜው ከጭነቱ አንድ እፍኝ ሰሊጥ በጥምጥማቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ውጭ ይዘውልኝ ይወጡ ነበር፤ መግባት ተከልክያለሁና። አሽቼ «ይግባ» ወይም «ይውጣ» እላለሁ፤ ትክክል ስናገር ዝም ይላሉ፤ ስሳሳት ይሰድቡኛል። ሁለት ወቅት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ከዚያ በሚተርፈኝ ጊዜ የሰው ልብስ አጥብ ነበር። እማየ ሌላ መኽዘን ወንፊት አገኘች፤ እኔን ማናገር ግን ለጨውና ለክብሪት ብቻ ሆነ።

ዘንድሮ አቦይ ካሕሳይ መኪና ላይ መውጣት አቃታቸው፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሐጅ በሽር ማንን ልቅጠር ሲላቸው የእኔን ስም ጠሩ። «ያች ጭነት ያስመለጠችብኝ? ያች ምላሰ እሾህ?» አለ። «አዎ፣ እሷ» አሉት። «እሷ ስሕተቷን ሠርታ ጨርሳለች። ሌላ ብትቀጥር ገና በአንተ ሰሊጥ ይሠራዋል።» ማክሰኞ የሆነው ይህ ነው። አክስቴ ከከሰላ ረዥም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ ግማሹ ስድብ ነው፣ ግማሹ ወንበሩን ለሌላ ልጅ እንደሰጠችው ነው። እማየ ወሬውን ስትሰማ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም። «አፍሽን በጨርቅ እሰሪ» አለችኝ። በቃ። እኔ ግን ያችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳመነዠክኋት!

እንግዲህ ትክክለኛ ሙያሽን አገኘሽ ወይ ለምትሉኝ መልሴ ይህ ነው። ደስታ አልነገረኝም። ደስታ ኋላ ነው የመጣው፤ እንደ ዘገየ አውቶቡስ። የነገረኝ ንዴት ነው፤ የማይመለከተኝ ነገር ሲበላሽ ያስጮኸኝ፣ እኔ ሳበላሸው ደግሞ እህል የዘጋኝ።

ትናንት ሐጅ በሽር ደግሞ ጠራኝ። ዘንድሮ መኪናዎቹ ቁረይሻና ባሱንዳ በአንድ ቀን ይሄዳሉ፤ አንድ ዓይን አይበቃም። «ሁለት ልጆች አምጭ፤ ሴትም ይሁኑ ግድ የለኝም» አለ፤ ግድ የለኝም ሲል ፊቱን አዙሮ ነው። ስለዚህ ይኸው እኔም ጠራኋችሁ። ገዳሪፍ ያላችሁ፣ ከመጠለያ ጣቢያም የምትመጡ፣ ትምህርት ቤት የተዘጋባችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት መኽዘኑ በር ላይ ኑ። እጅጌ አጭር ልብስ ልበሱ። ምን ደስ ይላችኋል ብዬ አልጠይቃችሁም። ደግ እሆንላችኋለሁ ብላችሁም አትምጡ፤ እሰድባችኋለሁ፣ አስለቅሳችኋለሁ፣ እየማላችሁ ትሄዳላችሁ። እሑድ ጠዋት ተመልሳችሁ ከመጣችሁ እንነጋገራለን።